ከወገብ በላይ

ባለሙያው፦ ገመዱን ከፍ አድርገው።

ረጋ፦ አድርጌዋለሁ።

ባለሙያው፦ ከዚያም ከፍ።

ረጋ፦ ከዚህ በላይ ጣሪያ ነው ጋሼ።

ባለሙያው፦ ጣሪያ ለአንተ ነው እንጂ ሞገድ ጣሪያ አያውቅም። በል እንዳለህ ቁም። ብዙ አትተንፍስ።

(ረጋ ወንበር ላይ ቆሟል። በተዘረጋው እጁ ጫፍ አውራ ጣት የምታህል የዋይፋይ መቀበያ ይዟል፤ ከእሷ የወረደው ገመድ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል። ኮምፒውተሩ ፊት የተሰየመው ታላቅ ወንድሙ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሚሠራና አንድ ጊዜ የጎረቤት ካውያ ነካክቶ ስለዳነለት ሰፈሩ ባለሙያው ይለዋል፤ እሱም ስሙን ጠልቶት አያውቅም። ታናሽየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ከሰዓት በኋላ ዓይኑም ንግግሩም ይጎተታል። ረጋ ብለው ያወጡለት እናቱ ናቸው።)

ባለሙያው፦ የሚታየውን የዋይፋይ ስም ላንብብልህ። «ሦስተኛ ፎቅ»፣ አለ። «ጸጉር ቤት»፣ አለ። «አትልፉ አልሰጥም»፣ እሱም አለ። ከመንገድ ማዶ ያለው ጋራዥ እንኳ አለ። የኛ «የእማዬ ልጆች» ብቻ የለም።

ረጋ፦ የት ሄደ?

ባለሙያው፦ የት ይሄዳል፣ ያው ራውተሩ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ብልጭ ድርግም ይላል።

ረጋ፦ ታዲያ ከመንገድ ማዶ ያለው ታይቶ ቁምሳጥን ላይ ያለው እንዴት አይታይም?

ባለሙያው፦ ቀርቦ ነዋ።

ረጋ፦ ቀርቦ?

ባለሙያው፦ ጋዜጣ አፍንጫህ ላይ ለጥፌ አንብብ ብልህ ታነባለህ?

ረጋ፦ አላነብም።

ባለሙያው፦ መቀበያዋም ያው ናት። ውረድና ጠረጴዛውን ወደ ማድቤት እናርቀው።

(ገፉ። ጠረጴዛው የማድቤቱ በር ላይ ተቀረቀረ።)

ባለሙያው፦ ሳበው።

ረጋ፦ ወደየት?

ባለሙያው፦ ወደምትገፋበት።

ረጋ፦ እየገፋሁ ልሳብ?

ባለሙያው፦ ተወው፣ እዚሁ ይሁን። ግማሹ ሳሎን ግማሹ ማድቤት፣ ርቀቱ ልክ መጣ። ምን ይታይሃል?

ረጋ፦ (አንገቱን አስግጎ) ሁሉም ጠፍተው «ጸጉር ቤት» ብቻ ቀርቷል።

ባለሙያው፦ አየህ፣ እየጠራ ነው።

ረጋ፦ ጋሼ፣ ማሰሪያውን አሁን ፈተውላት ቢሆንስ?

(እናታቸው ሞራ የጋረደው ዓይናቸውን እህታቸው በምትኖርበት ከተማ ተሠርተው፣ ማሰሪያው ዛሬ ከሰዓት ይፈታል። ወንድማማቾቹ ለመንገዱ የሚበቃ የሥራ ፈቃድ አጥተው ቀርተዋል። እናት ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቀዋል፦ መጀመሪያ የማየው የሁለቱን ልጆቼን ፊት ነው፤ እነሱ ካልቀረቡልኝ ሐኪሙ ቢለምነኝም ዓይኔን አልገልጥም።)

ባለሙያው፦ እህታችን ሊፈቱላት ሲሉ በኮምፒውተሩ እደውላለሁ ብላለች። ካልደወለች አልፈቱም ማለት ነው።

ረጋ፦ ኮምፒውተሩ ካልተገናኘ መደወሏን በምን እናውቃለን?

ባለሙያው፦ ሲገናኝ እናውቃለና።

ረጋ፦ እስከዚያ እማዬ ጨፍና ትቆያለች?

ባለሙያው፦ እማዬ አንዴ ካለች አለች፣ ትጨፍናለች። የሐኪም ትዕግሥት ግን የእናት ትዕግሥት አይደለም። የምቸኩለው ለምን መሰለህ?

ረጋ፦ በስልክ ብናነጋግራትስ? ምናልባት ብዬ ጠዋት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቻለሁ።

ባለሙያው፦ በስልክ? ዓይኗ ገና ከጨለማ የወጣ ሴት የአዝራር ቀዳዳ የሚያህል ፊት ልታሳያት? ይሄን ትልቅ ስክሪን ከመሥሪያ ቤት ለምኜ ተሸክሜ ያመጣሁት ለጌጥ ነው?

ረጋ፦ እኛ ጋ ያለው ስክሪን ሲተልቅ እሷ ጋ የሚታየው ፊታችን ይተልቃል?

ባለሙያው፦ እንዴታ።

ረጋ፦ እሷ የምታየን በእህታችን ስልክ አይደል?

ባለሙያው፦ ከትልቅ ቦታ የተላከ ነገር ትልቅ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ይሄን አታውቅም?

ረጋ፦ አላውቅም ነበር።

ባለሙያው፦ ብታውቅ ኖሮ አንተ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ እሆን ነበር።

(ክራቫቱን አስተካከለ። ከላይ የሰርግ ኮቱን ለብሷል፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ በውሃ ተኝቷል። ከታች ሰማያዊ የሌሊት ሱሪ ነው፣ መቀመጫው ላይ በእጅ የተጣፈ፣ ጉልበቱ ያበጠ።)

ረጋ፦ ሱሪውን ብትቀይረውስ ጋሼ?

ባለሙያው፦ ካሜራ የሚያየው ከወገብ በላይ ነው። ከወገብ በታች ያለው የግል ጉዳይ ነው።

ረጋ፦ ይሄ ሱሪ ግን እኮ ዕድሜው…

ባለሙያው፦ ስለዚህ ሱሪ አንድ ቃል እንዳትናገር። ደንባችንን ረሳኸው?

ረጋ፦ አልረሳሁም። ሥራ ላይ አንድ አፍ፣ አራት እጅ።

ባለሙያው፦ አፉ የማን ነው?

ረጋ፦ ያንተ። እኔ ስጠየቅ ብቻ።

ባለሙያው፦ ለምን?

ረጋ፦ በመሰላሉ ምክንያት። አምፖል ስትቀይር ሳልጠየቅ ተናገርኩና ደንግጠህ ወደቅክ።

ባለሙያው፦ ወገቤ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ያስታውሰኛል።

ረጋ፦ ልልህ የነበረው የመሰላሉ እግር ላልቷል ነው እኮ።

ባለሙያው፦ ጠይቄህ ነበር?

ረጋ፦ አልጠየቅከኝም።

ባለሙያው፦ ተግባባን። ከአሁን ጀምሮ ደንቡ ይጠበቅ። መጠየቅ ትችላለህ፣ ተማሪ ነህና። መናገር ግን ስትጠየቅ ብቻ። ስልኬንም አጥፍቼዋለሁ፣ ሞገዱን እንዳይሻማ።

ረጋ፦ የኔንስ ላጥፋው?

ባለሙያው፦ ያንተን ተወው። ለአንተ ማን ይደውላል?

(ባለሙያው መቀበያዋን ነቀለ፣ እፍ አለባት፣ በኮቱ እጅጌ ፈተጋት፣ መልሶ ሰካት። «ጸጉር ቤት»ም ጠፋ።)

ባለሙያው፦ ገመዱ ነው። ከሥር ገብቼ ልየው። የእጅ ባትሪውን አብራልኝ።

(በአራት እግሩ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ኮቱ ወደ ጀርባው ሸሸና ከውጭ የቀረው የሱሪው መቀመጫ ብቻ ሆነ፤ የመስኮቱም ብርሃን ሌላ ማረፊያ ያጣ ይመስል እሱ ላይ አረፈ። በዚህ መሐል የረጋ የደረት ኪስ ተንቀጠቀጠ። ረጋ ስልኩን አውጥቶ አየ፣ ነካ አደረገው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለስልኩ የዝምታ ምልክት ሰጠው። ከዚያ የስልኩን ፊት ወደ ውጭ አዙሮ፣ ካሜራውን ከኪሱ አፍ ብቅ አድርጎ መልሶ ከተተው።)

ረጋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር?

ባለሙያው፦ (ከሥር) ጠየቅኩህ?

ረጋ፦ አልጠየቅከኝም።

ባለሙያው፦ ባትሪውን ወደ ግራ።

ረጋ፦ መጠየቅስ ይቻላል?

ባለሙያው፦ መጠየቅ ይቻላል ተብለሃል።

ረጋ፦ እማዬ አሁን ብታይህ ደስ ይልሃል?

ባለሙያው፦ አንተ ልጅ ጤና የለህም? ጠረጴዛ ሥር ምን ልፈልግ የገባሁ ይመስልሃል?

ረጋ፦ ልክ አሁን እንዳለኸው ብታይህ?

ባለሙያው፦ እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ ብቻ ትየኝ። (ድምፁ ሰለል አለ) ባለፈው መጥታ ፊቴን በእጇ ዳብሳ ነው ያወቀችኝ። «አገጭህ አጥንት ብቻ ሆኗል» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በል አብራ፣ አትለፍልፍ።

(ረጋ አበራ። ከኪሱ አንድ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ባለሙያው የማቀዝቀዣው ነው ብሎ አለፈው። ሲወጣም ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ።)

ባለሙያው፦ ማቀዝቀዣው ነው።

ረጋ፦ የገጨህ?

ባለሙያው፦ ሞገዱን የሚበላብን። ሲያጉረመርም አልሰማህም? ንቀለው።

(ረጋ ነቀለ። ኮምፒውተሩ ጨለመ።)

ረጋ፦ የኮምፒውተሩም ሶኬት ከዚሁ ጋር ነው?

ባለሙያው፦ አየኸው፣ ምን ያህል ጭነት እንደነበረበት። ሰካው።

(ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ባለሙያው እጁን ከኮቱ ሥር ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ መርማሪ ተንጎራደደ። ሲዞር ጥፈቱ ለረጋ ኪስ ይታያል፣ ሲመለስ ክራቫቱ።)

ባለሙያው፦ እንግዲህ ዕቃ በገዛ እጁ አይበላሽም። አንድ ሰው አንድ ነገር ነክቷል። ማን ነው የነካው?

ረጋ፦ እየጠየቅከኝ ነው?

ባለሙያው፦ እየጠየቅኩህ ነው።

ረጋ፦ አንተ ነህ።

ባለሙያው፦ እኔ የነካሁት አይቆጠርም። እኔ ስነካ ለማሻሻል ነው።

ረጋ፦ ትናንት የራውተሩን የኋላ የሞገድ መቀየሪያ ከሁለት ነጥብ አራት ወደ አምስት ጊጋኸርዝ ገፋኸው።

ባለሙያው፦ አምስት ከሁለት አይበልጥም?

ረጋ፦ ይበልጣል።

ባለሙያው፦ ታዲያ የሚበልጥ ነገር ነው የሚጠፋው?

ረጋ፦ እንጃ። ከዚያ በፊት ግን ይታይ ነበር።

ባለሙያው፦ ከዚያ በፊት ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ዛሬ ደመና ነው። ደመናውንም እኔ ነኝ የገፋሁት?

ረጋ፦ ጎረቤቶቹስ፣ ሁሉም ሁለት ነጥብ አራት ላይ ይሆኑ እንዴ?

ባለሙያው፦ ማን አሻሽሎላቸው።

ረጋ፦ ይቺ መቀበያ አምስትን ትሰማለች?

ባለሙያው፦ መቀበያ ማለት ጆሮ ነው። ለሹክሹክታ አንድ ጆሮ፣ ለጩኸት ሌላ ጆሮ አለህ?

ረጋ፦ የለኝም።

ባለሙያው፦ ስለዚህ የቀረው አቧራ ነው። ጨርቅ ይዘህ ቁምሳጥኑ ጋ ውጣ። ራውተሩን ፊቱንም ጀርባውንም ሙልጭ አድርገህ ጥረገው።

(ረጋ ወንበሩን አስጠግቶ ወጣ። ራውተሩን ደረቱ ላይ አስደግፎ የዳቦ ቆርቆሮ በሚጠርግበት ጥንቃቄ ጠረገው። ጀርባው ላይ ሲደርስ አንድ ነገር «ጠቅ» አለ። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር፤ ረጋ ደግሞ የጣቱ መገጣጠሚያ መሰለው።)

ባለሙያው፦ ቆይ። ቆይ ቆይ። እንዳትነቃነቅ። «ሦስተኛ ፎቅ»… «ጸጉር ቤት»… መጣ። «የእማዬ ልጆች» መጣ።

ረጋ፦ በምን መጣ?

ባለሙያው፦ በምን መጣ ይለኛል። አቧራ አላልኩህም? ሙያ በልብ ነው ብዬ ዝም ብል ነው እንጂ ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ።

ረጋ፦ መቼ ነው ዝም ያልከው?

ባለሙያው፦ ውረድ፣ ዱቄትህን አራግፍና አጠገቤ ተቀመጥ። ቀጥ በል። ፈገግ በል፣ ጥርስ ሳታበዛ። ሐኪሙ አታስቋት፣ አታስለቅሷት ብሏል። እኔ ልደውልላቸው።

(ደወለ። ጸጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ አገጩ ሞልቶ እንዲታይ ጉንጩን ነፋ አደረገ። ጠበቀ። የነፋው ጉንጭ ቀስ እያለ ጎደለ።)

ባለሙያው፦ «ሌላ ጥሪ ላይ ናቸው» ይላል።

(ረጋ ጣሪያውን አየ። ባለሙያው ደግሞ ደወለ። ያው ነው።)

ባለሙያው፦ ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ። ይሄን ሁሉ ለፍቼ፣ የእናቷ ዓይን በሚገለጥበት ሰዓት ስልኳን ይዛ ታወራለች። ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ረጋ፦ እየጠየቅከኝ ነው?

ባለሙያው፦ ማንን ልጠይቅ፣ ግድግዳውን?

ረጋ፦ ከእኔ ጋር ነው።

ባለሙያው፦ ምኑ?

ረጋ፦ ጥሪው። ጠረጴዛው ሥር ስትገባ ደወለች፣ አነሳሁ። እማዬ ኪሴ ውስጥ ናት።

(ባለሙያው የረጋን ደረት አየ። ከኪሱ አፍ ትንሿ ካሜራ መልሳ አየችው።)

እናት፦ (ከኪስ ውስጥ) እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። አትሳቂ ስላሉኝ ነው ድምፄን ያጠፋሁት። እህትህማ አልቻለችም፣ ኮሪደር ወጥታ ነው የምትስቀው።

ባለሙያው፦ እማዬ? ማሰሪያውስ?

እናት፦ ተፈታ እንጂ። «ልጆቼ ቀረቡ?» አልኩ፣ «ቀረቡ» አለችኝ፣ ገለጥኩት።

ባለሙያው፦ ታዲያ መጀመሪያ ያየሽው…

እናት፦ ሱሪህን ነው።

(ባለሙያው ክራቫቱን ጨበጠ። ሌላ የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም።)

ባለሙያው፦ አንተ፣ ይሄን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?

ረጋ፦ አሁን ነው የጠየቅከኝ።

እናት፦ እሱን አትቆጣው። ሐኪሙ ጣቱን አንስቶ «ስንት ይታይሻል?» ሲለኝ፣ «ጣትህን ተወውና የልጄ መቀመጫ ላይ ያለውን ጥፈት ልንገርህ፣ አንዱ ጥግ ተነስቷል» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። «ድነሻል» ብሎኝ ወደ ሌላው አልጋ ሄደ።

ባለሙያው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ዋናው መዳንሽ ነው። ኮምፒውተሩም ይኸው ተገናኘ። አቧራ ነበር።

እናት፦ አቧራ አይደለም።

ባለሙያው፦ እንዴት?

እናት፦ ወንድምህ ያንን ዕቃ ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲጠርግ፣ ከጀርባው ጥፍር የምታህል ነገር ወደ ጎን ሸርተት አለች። ጨርቁ ነው የገፋት። አንተ «መጣ መጣ» ያልከው ከዚያ በኋላ ነው።

(ባለሙያው ወንበር ላይ ወጣ። መቀየሪያው ሁለት ነጥብ አራት ላይ ነው። ወደ አምስት ገፋው።)

ረጋ፦ ጠፋ።

(መለሰው።)

ረጋ፦ መጣ።

ባለሙያው፦ (ወንበሩ ላይ እንደቆመ) ለካ ይቺ መቀበያ አምስትን አትሰማም።

ረጋ፦ ቅድም እሱን አይደል የጠየቅኩህ?

(ባለሙያው ቀስ ብሎ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ያፈጠጠ ሰው ያላየውን፣ ዓይናቸው ገና የተገለጠ እናቱ ከኪስ ውስጥ ሆነው አይተውታል።)

እናት፦ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ሱሪህን የጣፍኩበት ክር ቀለሙ ምንድን ነው?

ባለሙያው፦ የቱ? እሱማ… ሰማያዊ ነው።

እናት፦ ቀይ ነው።

(ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።)

እናት፦ ዓይኔ ሊጠፋ ሲል ነው የጣፍኩት። «ክሩ ሰማያዊ ነው?» ስልህ «ከሱሪው ጋር አንድ ነው እማዬ፣ አይለይም» አልከኝ።

ባለሙያው፦ ግማሹን ሰፍተሽ ነበር። መርፌው ጣትሽን ወግቶሻል፣ ደም አይቼበታለሁ። ቀይ ነው ብልሽ ፈትተሽ ደግመሽ ትሰፊው ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?

እናት፦ ቀይ መሆኑን እያወቅህ ለበስከው?

ረጋ፦ እማዬ፣ ሳልጠየቅ ልናገር?

እናት፦ ተናገር የኔ ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ አፉ የሁላችሁም ነው።

ረጋ፦ ከሥራ ሲመጣ ከእግሩ አይለየውም። ጥፈቱ እንዳይለቅ ብሎ ለእኔ ማጠብ እንኳ አይሰጠኝም። ቅድም ቀይረው ስለው የተቆጣኝ ለዚህ ነው።

(ባለሙያው አፍንጫውን በክራቫቱ ጫፍ ጠረገ። ማልቀሱን ቢክድም ዓይኑ ቀልቶ ነበር።)

ባለሙያው፦ (ወደ ረጋ ኪስ ጎንበስ ብሎ) በይ እንግዲህ አሁንስ ፊቴን እዪው እማዬ። ኮት የለበስኩት ለዚህ ነው።

እናት፦ ተነስ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ። አዎ። ሸብተሃል፣ ማንም አልነገረኝም። አገጭህስ ደህና ነው፣ እጄ ነው ያጋነነው። አሁን ዙርልኝ።

ባለሙያው፦ ፊቴን ጠግበሽ ሳታዪው?

እናት፦ ፊትህን ዓይን ሳይኖረኝም አውቀው ነበር። ስፌቴን ነው አይቼው የማላውቀው። ዙር።

(ባለሙያው ዞረ። ግድግዳውን እያየ፣ በሰርግ ኮቱና በክራቫቱ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ረጋ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በተዘረጋ እጁ ያዘው፤ ዛሬ እጅ መዘርጋት ለምዷል።)

ረጋ፦ ጋሼ።

ባለሙያው፦ ምን?

ረጋ፦ ኮቱ ሸፍኖታል። ከፍ አድርገው።

ባለሙያው፦ አድርጌዋለሁ።

ረጋ፦ ከዚያም ከፍ።